ሚዛኑን ማን አጎደለው?

ጥያቄ፦ አባቴ ይፍቱኝ። በርበሬ ነጋዴ ነኝ። ከሚዛኑ ሳህን ሥር ማግኔት ለጥፌ ለ3 ዓመታት ከየኪሎው 50 ግራም ያህል ስሰርቅ ኖሬአለሁ። ሥራውን ያስለመደኝ አጎቴ ነው፤ ሰይጣንም አሳሳተኝ። ጾምና ስግደት ይበቃኛል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ። አጎትህንና ሰይጣንን ለጊዜው እንተዋቸው፤ ማግኔቷን የለጠፈችው ያንተ ጣት ናት። አዳምም «የሰጠኸኝ ሴት» ብሎ ነበር፤ አላዋጣውም። ዳዊት ግን «በድያለሁ» አለ። ለንስሐ አባትህ ስትናዘዝ ግራሙን ሳትቀንስ ተናገር፤ እዚያም ሚዛን እንዳታጎድል። ቀኖናውን እርሳቸው ይሰጡሃል። ዘኬዎስ «አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ማለቱን ሉቃስ ምዕራፍ 19 ላይ አንብብ። ለምታውቃቸው ደንበኞች የጎደለውን መልስ፤ የማታውቃቸውን ድርሻ ለድሆች ስጥ። ማግኔቷን ግን ዛሬውኑ፣ ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ንቀላት።