የሚጮኸው ዩፒኤስና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

መብራት መጥፋትና መምጣት ሲያበዛ የደብዳቤዎቻችሁ ርእስም መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ወደሚያቆየው ሳጥን፣ ወደ ዩፒኤስ ይዞራል። የሰሞኑን አሳጥሬ ከነመልሳቸው አቅርቤአለሁ።

ከአዳማ አንድ የሂሳብ ሠራተኛ፦ ማታ ከቢሮ ስወጣ ዩፒኤሱን ከግድግዳ ልንቀለው?

አይንቀሉት። ባትሪው የሚሞላው እንደተሰካ ነው።

ከጎንደር የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት፦ ዩፒኤሱ ላይ 650 ተብሎ ተጽፏል። ሌዘር ፕሪንተሩ ማተም ሲጀምር ግን ሳያቋርጥ ይጮህና ሁሉም ነገር ድርግም ይላል። ሻጩ አታለለኝ?

ሻጩን ለዛሬ ይማሩት። 650 የተባለው ቪኤ (ቮልት-አምፔር) እንጂ ዋት አይደለም። የዚህ መጠን ዩፒኤስ አብዛኛውን ጊዜ የሚችለው ከ360 እስከ 390 ዋት ነው። ሌዘር ፕሪንተር ደግሞ ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያቀልጠው ክፍሉ ሲግል ብቻውን ከዚህ በላይ ይስባል። ያለማቋረጥ መጮኹ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ ማለቱ ነው። ፕሪንተሩን በቀጥታ ከግድግዳው ይሰኩት። በማተም ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋስ ብለውም ጠይቀዋል። አንድ ወረቀት ይበላሻል፤ ሌላ ያስገባሉ።

ከድሬዳዋ፦ የመጀመሪያው ባትሪ በዓመት ከመንፈቅ ሞተ። አዲስ ገዝቼ ብተካው ይኸኛው በወራት ውስጥ ደከመ፤ አሁን ሆዱ አብጧል።

የመጀመሪያውን የገደለው ሙቀት ሳይሆን አይቀርም። እነዚህ ድፍን የእርሳስ ባትሪዎች ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላሉ የሚባለው በ25 ዲግሪ አካባቢ ሲቀመጡ ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ ያጥራል፤ የድሬዳዋን ከሰዓት በኋላ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ዩፒኤሱን ከመስኮቱ ፀሐይ ያርቁት፤ ጀርባውን ከግድግዳ ጋር አያጣብቁት።

“አዲሱ” ባትሪ ሱቅ ውስጥ ስንት ጊዜ ተቀመጠ? መደርደሪያ ላይ የሰነበተ ባትሪ በየ6 ወሩ ገደማ ካልተሞላ ከካርቶኑ ሳይወጣ ያረጃል። ስለዚህ ሲገዙ የተመረተበትን ቀን ይመልከቱ። ሻጩ በቴስተር ለክቶ 12.7 ቮልት ቢያሳይዎ አይደሰቱ፤ የመኪና አምፖል ያገናኝበትና ቁጥሩን አብራችሁ ተመልከቱ። ደህናው ባትሪ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይረጋል፤ የሞተው ዓይንዎ እያየ ወደ 9 ይወርዳል።

ያበጠውን በካቻቢቴ ጎርጉረው ለማውጣት አይሞክሩ። ውስጡ አሲድ አለ። ዩፒኤሱን ከግድግዳ ነቅለው፣ አጥፍተው ለጠጋኝ ይውሰዱት። የወጣውን ባትሪም ከቆሻሻ ጋር አይጣሉት፤ እርሳስ መርዝ ነው።

ከሐዋሳ የትርጉም ሥራ የሚሠራ ወጣት፦ ዩፒኤሱ ዐሥር ደቂቃ ብቻ ይይዝለታል። ጓደኛው ክፈተውና የ70 አምፔር የመኪና ባትሪ በሽቦ አገናኝበት ብሎታል። ከእኔ የሚፈልገው የሽቦውን ውፍረት ነው።

የሽቦውን ውፍረት አልነግርዎትም። ምክንያቱን ግን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ፤ ይህን ጥያቄ አንዱ ሲተወው ሌላው ያነሣዋልና።

ከሚገድለው ልጀምር። በብዙ ትናንሽ ዩፒኤሶች ውስጥ የባትሪው መስመር ከ220 ቮልቱ መስመር ተነጥሎ አልተሠራም። ባትሪው ሳጥኑ ውስጥ እስከተዘጋበት ድረስ ችግር የለውም። ሽቦውን ወደ ውጭ ሲስቡት ግን ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠው “የ12 ቮልት” ባትሪ ጫፍ የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ሊሸከም ይችላል። ልጅ በጣቱ ይነካዋል፤ ወለል የሚወለውል ሰው በእርጥብ ጨርቅ ይደርስበታል።

ትራንስፎርመሩም የተሠራው ለጥቂት ደቂቃዎች ነው። ከመጋሉ በፊት ባትሪው ስለሚያልቅ ይተርፋል እንጂ ማቀዝቀዣ እንኳ የለውም። ሁለት ሰዓት ካሠሩት የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል፤ ከሽታው በኋላ የሚመጣው ጭስ ነው።

ሂሳቡም አያዋጣም። የትንሽ ዩፒኤስ ቻርጀር 1 አምፔር ቢሰጥ ነው። ባዶ የሆነ የ70 አምፔር (በትክክል 70 አምፔር-ሰዓት) ባትሪ ለመሙላት ሦስት ቀን ያልተቋረጠ መብራት ይፈልጋል። ሦስት ቀን መብራት የማይጠፋበት ሰፈር ቢኖሩማ ይህን ደብዳቤ ባልጻፉልኝ! የመኪና ባትሪ ደግሞ ሞተር አስነሥቶ ወዲያው የሚሞላ ነው፤ በየቀኑ እስኪያልቅ ከተሠራበት አይከርምም። ሲሞላም በቀላሉ የሚፈነዳ ሃይድሮጂን ጋዝ ያወጣል፤ በተዘጋ የመኝታ ክፍል ውስጥ ማለት ነው።

ዩፒኤስ የተሠራው ሥራዎን መዝግበው ኮምፒውተሩን በሰላም እንዲያጠፉ ነው። ሰዓታት የሚያሠራ ከፈለጉ ላፕቶፕ ይጠቀሙና ዩፒኤሱን ለራውተሩ ብቻ ይተዉለት፤ ራውተር የሚስበው ከ10 ዋት ብዙም አይርቅምና ረጅም ጊዜ ይይዝልዎታል። አለዚያ ለዚሁ የተሠራ ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚቀይር መሣሪያ) ከተስማሚ ባትሪው ጋር ያስገጥሙ፤ የሚገጥመውም የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሁን። “ባለሙያ ያማክሩ” የሚባለው ለወጉ ነው ብለው እንዳያልፉት። ጓደኛዎ አስቀድሞ አገናኝቶት ከሆነም ዛሬውኑ ከግድግዳው ይንቀሉት፤ ባትሪውን ግን ባለሙያ ይፍታው።

ከደብረ ማርቆስ፦ መብራት ሳይጠፋ ዩፒኤሱ ጠቅ ጠቅ ይላል። እናቴ ከቤት ይውጣልኝ ብለዋል።

ቮልቴጅ ዝቅ ወይም ከፍ ሲል እያስተካከለ ነው። ጠቅታው የሚበዛው ምጣድ ሲሰካ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይስባል፤ የቤቱ ሽቦ ቀጭን ወይም ማያያዣው የላላ ሊሆን ስለሚችል ሳይግል ያስመርምሩት። ዩፒኤሱ ይቆይ፤ እናትዎን እርስዎ ያባብሉልኝ።

ከአንድ ክሊኒክ፦ ጄኔሬተር ተነሥቶ እያለ ዩፒኤሱ ከባትሪ አይወርድም።

የጄኔሬተሩ ፍጥነት አልተረጋጋም ይሆናል። ዩፒኤሱ 50 ኸርዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ እንዲመላለስ ይጠብቃል፤ ይህም በጄኔሬተሩ ፍጥነት ይወሰናል፤ የሚዋዥቅ ከመጣለት አልቀበልም ይላል። የጄኔሬተር ሠራተኛ ጠርተው ያስተካክሉት።