ጥያቄና መልስ፦ መሳቢያ ውስጥ የከረመ ደብዳቤ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ከካውንስል (ከአካባቢው አስተዳደር) ወይም ከአከራይ ጋር በተደረገ ንትርክ ይጀምራሉ። ደብዳቤው መቼ እንደመጣ ስጠይቅ ግን መልሱ «እ... ባለፈው ወር መሰለኝ» ነው። መልሶቼ ለኢንግላንድ ነዋሪዎች ናቸው፤ ስኮትላንድና ዌልስ ያላችሁ የየራሳችሁ ደንብ አላችሁ።

«ጓሮዬ ውስጥ ለሽያጭ እንጀራ የምጋግርበት ክፍል ያለ ፈቃድ አሠርቻለሁ። ጣሪያው የተከደነው በጁላይ 2024 ነው። አራት ዓመት ዝም ብለሽ ከቆየሽ ካውንስሉ አይነካውም ይሉኛል። እውነት ነው?»

ሰዎቹ አልዋሹሽም፤ ያረጀ ሕግ ነው የነገሩሽ። የአራት ዓመቱ ደንብ ኤፕሪል 25 ቀን 2024 ተሽሮ አሥር ዓመት ሆኗል። ከዚያ ቀን በፊት በአመዛኙ ያለቀ ግንባታ በአሮጌው ደንብ ይታያል፤ አንቺ ግን በሦስት ወር አመለጠሽ። መጠበቅ ከመረጥሽ የምትጠብቂው እስከ 2034 ነው።

ሸሽጎ መጠበቅም አያዋጣም። ሰሬይ ውስጥ አንድ ገበሬ ግንብ የመሰለ ቤት ሠርቶ፣ ዙሪያውን በጭድ ክምር ከልሎ አራት ዓመት ኖረበት። ከዚያ ክምሩን አነሳና «ጊዜው አልፏል» አለ። ክምሩን መከመሩም ማንሳቱም የግንባታው አካል ስለሆነ ሥራው ያለቀው ጭዱ ሲነሳ ነው ተባለና ተረታ፤ ቤቱ በ2016 ፈረሰ። እኔ ብሆን ካውንስሉ ሳይቀድመኝ ለተሠራው ክፍል ፈቃድ እጠይቃለሁ። የማፍረሻ ወይም የማስተካከያ ማስታወቂያ ከመጣብሽ ይግባኙ መግባት ያለበት ማስታወቂያው መሥራት ከመጀመሩ በፊት ነው። ለዚያ የሚሰጥሽ ቢያንስ 28 ቀን ነው።

«የካውንስሉ ባሪስተርና የእኔ ባሪስተር አንድ ቼምበርስ ውስጥ መሆናቸውን ደረስኩበት። ተሸጥኩ ማለት ነው?»

አይደለም፣ ጋሼ። ስሙ ነው የሚያሳስተው። ባሪስተር ችሎት ቆሞ የሚከራከር ጠበቃ ነው፤ ቼምበርስ ግን ኩባንያ አይደለም። መርካቶ አንድ ጣሪያ ሥር ጎን ለጎን የከፈቱ ነጋዴዎችን ያስቡ፤ ኪራይና ዘበኛ ይጋራሉ፣ ካዝናቸው ግን ለየብቻ ነው። ባሪስተሮችም እንደዚያው እያንዳንዳቸው ለራሳቸው የሚሠሩ ናቸው። የሚጋሩት ቢሮውንና ክላርኮቹን ነው፤ ክላርክ ማለት ቀጠሮ የሚይዘውና ዋጋ የሚነጋገረው ሰው ነው። ግንባታ ፈቃድና አካባቢ ጥበቃ ላይ የሚሠሩት በተወሰኑ ቼምበርሶች ስለተሰባሰቡ ጠዋት አብረው ቡና ጠጥተው ከሰዓት ችሎት ፊት መፋጠጣቸው የተለመደ ነው። ባሪስተርዎ መዝገብዎን ለጎረቤቱ የማሳየት መብት ግን የለውም።

በነገራችን ላይ ሶሊሲተር (ወረቀቱን የሚያዘጋጅ ጠበቃ) ሳይዙ በቀጥታ ባሪስተር መቅጠርም ይቻላል፤ ለዚህ ሥራ የተፈቀደለት መሆኑን ብቻ ይጠይቁ። ክፍያው ሊቀንስ ይችላል። ነገር ግን ወረቀት መሰብሰቡ፣ ፎርም ማስገባቱ፣ ቀን መቁጠሩ በአብዛኛው የእርስዎ ሸክም ይሆናል። የመጨረሻው ደግሞ ብዙ ሰው ጥሏል።

«ከቤታችን ጀርባ ለሚሠራ ትልቅ መጋዘን ካውንስሉ ፈቃድ ሰጠ። ይግባኝ የምንለው የት ነው?»

የትም። ይግባኝ የፈቃድ አመልካቹ መብት ነው፤ ጎረቤት የለውም። ለእናንተ የቀረው ከፍተኛው ፍርድ ቤት ውሳኔው ሕጋዊ መሆኑን እንዲመረምር መጠየቅ ነው፤ ለዚያም ያላችሁ ስድስት ሳምንት ብቻ ነው። ዳኛው «መጋዘኑ ያስቀይማል» የሚለውን አይሰማም። የሚያየው ካውንስሉ ማየት የነበረበትን ሳያይ ወስኖ እንደሆነ ነው።

የዚህ ትልቁ ምሳሌ የሳራ ፊንች ጉዳይ ነው። የሰሬይ ካውንስል በ2019 ሆርስ ሂል በሚባለው ቦታ ለ20 ዓመት ነዳጅ እንዲወጣ ፈቀደ። የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱ የቆጠረው ጉድጓዱ ራሱ የሚያወጣውን ጭስ ነበር፤ ነዳጁ ተጣርቶ መኪና ውስጥ ሲቃጠል የሚወጣውን ግን አልቆጠረም። የአካባቢው ነዋሪ ፊንች ከስሳ በከፍተኛው ፍርድ ቤትም በይግባኝም ተሸነፈች። ጁን 20 ቀን 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሦስት ለሁለት ድምፅ ፈረደላት፦ የሚወጣ ነዳጅ መቃጠሉ አይቀርም፣ ስለዚህ ይቆጠር። በጃንዋሪ 2025 የኤዲንብራው ፍርድ ቤት በዚሁ መንገድ የሮዝባንክንና የጃክዶን የባሕር ነዳጅ ፈቃዶች ሕገ ወጥ አላቸው። ብዙ ሰው «ነዳጅ ተከለከለ» ብሎ አወራ። ፍርዱ ግን ያንን አላለም፤ ቆጥራችሁ፣ ለሕዝብ አሳይታችሁ ወስኑ ነው ያለው። መንግሥት አይቶ ሊፈቅድም ይችላል።

ወጪው ካስፈራችሁ፣ በአካባቢ ጥበቃ ክስ አንድ ግለሰብ ቢሸነፍ ለተቃራኒው ወገን የሚከፍለው ወጪ እንደ መነሻ በ5,000 ፓውንድ ይገደባል። ይህን ከለላ ክሱ ሲገባ መጠየቅ አለባችሁ። የራሳችሁ ጠበቃ ክፍያ ግን ሌላ ነው።

«ምግብ ቤታችን አልኮል አይሸጥም። ማታ ቡና እናፈላለን። ለዚህም ፈቃድ ያስፈልጋል?»

እንደ ሰዓቱ ነው። ትኩስ ምግብም ሆነ ትኩስ መጠጥ በእንግሊዞች አቆጣጠር ከምሽቱ 11 እስከ ንጋቱ 5 ለመሸጥ ፈቃድ ግድ ነው። (የእነሱ 11 የእኛ 5፣ የእነሱ 5 የእኛ 11። ሰዓቱን በአበሻ ቆጥሮ የተሳሳተ ሰው ቢኖር አይገርመኝም።) «ቡናው በነጻ ነው» የሚለው መከራከሪያ የሚያድነው በእውነት ነጻ ሲሆን ነው፤ ቡናውን ለማግኘት ክትፎ መግዛት ግዴታ ከሆነ ነጻ አይባልም። ለአንድ የበዓል ሌሊት ብቻ ከሆነ ከ10 የሥራ ቀን በፊት ጊዜያዊ ማስታወቂያ ማስገባት ይበቃል፤ ክፍያው 21 ፓውንድ ነው።

«ሻጋታው ልጄን እያሳላት ነው። አከራዩ ሃውሲንግ አሶሲዬሽን ‘ምግብ ስለምታበስሉ ነው’ ይላል።»

ይህን መልስ ሮችዴል በምትባል ከተማ ይኖር የነበረ አንድ ቤተሰብም ሰምቶታል፤ ሻጋታው በአኗኗራችሁ ነው ተብለው ነበር። የሁለት ዓመት ልጃቸው አዋብ ኢሻቅ በዲሴምበር 2020 ሞተ። በስሙ የተጠራው ሕግ ከኦክቶበር 27 ቀን 2025 ጀምሮ በካውንስልና በሃውሲንግ አሶሲዬሽን ቤቶች ላይ ይሠራል፦ አስቸኳይ አደጋ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ከባድ እርጥበትና ሻጋታ ደግሞ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መመርመር አለበት። ቀኑ የሚቆጠረው አከራዩ ካወቀበት ነው፤ ስለዚህ ስልክ አይበቃም፣ በጽሑፍ ላኪ፣ ፎቶ አያይዢ፣ የልጅቷን ሳል ጥቀሺ። ሽሮሽን አፍልተሽ ብይ።

«የታክሲ ፈቃዴን ላለማደስ ወሰኑ። ደብዳቤው ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ምን ላድርግ?»

ወደ ማጅስትሬት ፍርድ ቤት ይግባኝ ማስገቢያው 21 ቀን ነው። ይህን እያነበብክ ያለኸው ምናልባት በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ነው። ስልኩን ዝጋና ደብዳቤውን ይዘህ ውጣ።