ቴፍሎን ተጠምጥሞበትም ማንጠባጠብ ላላቆመ የማሽን ጎማ

ውድ እህታችን፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽንዎ የውሃ ጎማ ከቧንቧው ጋር በሚገጠምበት በኩል እንደሚያንጠባጥብ፣ ባለሙያ ጠርተው ሁለት ጊዜ ቴፍሎን (በቧንቧ መገጣጠሚያ ላይ የሚጠመጠመውን ስስ ነጭ ጥቅል) ቢያስጠመጥሙም እንዳልቆመ ጽፈዋል። እኔም በዚሁ ነገር ከወር በላይ ተንገላትቻለሁና ያየሁትን ልንገርዎት።

በዚያ ቦታ ውሃውን የሚይዘው ጥርሱ፣ ማለትም የሚጠመዘዝበት መስመር ሳይሆን፣ በጎማው ዳዶ (ጎማውን ከቧንቧው ጋር በሚያስረው ተጠምዛዥ ክብ) ውስጥ የተቀመጠው ክብ ላስቲክ፣ ማለትም ጎሚኒው ነው። የጥርሱ ሥራ ጎሚኒውን በቧንቧው አፍ ላይ መጫን ብቻ ስለሆነ፣ ጎሚኒው ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ የቱንም ያህል ቴፍሎን ቢጠመጠም ውሃው መውጫ አያጣም፤ እንዲያውም ቴፍሎኑ ሲወፍር ዳዶው እስከ መጨረሻው አይገባም፣ ጎሚኒውም ሳይጫን ይቀራል። ቴፍሎን የሚያስፈልገው ቧንቧው ራሱ ግድግዳው ውስጥ በሚገባበት ጥርስ ላይ ነው። ስለዚህ አስቀድመው ሁሉንም በሶፍት ያድርቁና የመጀመሪያዋ ጠብታ ከየት እንደምትወጣ ይመልከቱ።

እኔ ይህን ባለማወቄ ዳዶውን በትልቅ ፒንሳ ይዤ ባለ በሌለ ኃይሌ አጠበቅሁት። ፕላስቲክ ነበርና ተሰነጠቀ፤ ቀን ውሃ ስላልነበረ ግን አላወቅሁም። ሌሊት ፈረቃችን ደርሶ ውሃው ሲለቀቅ የቀሰቀሱኝ ጣሪያቸው የራሰባቸው የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ነበሩ።

ሲጠግኑ ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው፣ ቧንቧውን ዘግተው፣ ከሥሩ ባልዲ አድርገው ዳዶውን ይፍቱ። አሮጌውን ጎሚኒ በካቻቢቴ ጫፍ ያውጡና ይዘውት ወደ ሱቅ ይሂዱ፤ የብዙዎቹ ማሽኖች መጠን ሦስት አራተኛ ኢንች ቢሆንም ውፍረቱን አስተያይቶ መግዛት ይሻላል። በቧንቧው አፍ ላይ ጣትዎን አዙረው የተጣበቀ ላስቲክ ወይም የቴፍሎን ቁራጭ ካለ ይጥረጉ። በማሽኑ በኩል ያለችውን ትንሽ ወንፊትም በዚያው ይጠቡ፤ ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ የሚያመጣው ደለልና ዝገት እሷ ላይ ነው የሚከማቸው። አዲሱን ጎሚኒ አስተካክለው ካስቀመጡ በኋላ ዳዶውን በእጅዎ እስኪቆም ያዙሩትና፣ ብረት ከሆነ ብቻ በጨርቅ ሸፍነው በፒንሳ ሩብ ዙር ይጨምሩ። በማሽኑ በኩል ያለው ጥርስ ፕላስቲክ ስለሆነ እዚያ ፒንሳ አያስጠጉ።

ቧንቧውን ቀስ ብለው ይክፈቱና ከመገጣጠሚያው ሥር ደረቅ ሶፍት አንጥፈው ይደሩ፤ ተጠቃሚው ሲተኛ ግፊቱ ስለሚጨምር ቀን የማይታየው ፍሳሽ ሌሊት ይወጣል። ጠዋት ሶፍቱ ርሶ ካገኙትና ውሃው የሚመጣው ጎማው ከብረት አንገቱ ጋር ከተጣበቀበት ከሆነ፣ በሽቦም በማጣበቂያም አይድከሙ፤ ጎማውን በሙሉ ይቀይሩት።