ሦስት ልጆች፣ ሦስት ዓይነት አስተሳሰብ

ጥያቄ፦ «የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ትንሹ 4፣ መካከለኛዋ 8፣ ትልቁ 14 ዓመቱ ነው። ከባለቤቴ ጋር የምንጣላው በእነሱ ምክንያት ነው። እሱ ‹ሦስቱም እኩል መመከር፣ እኩል መቀጣት አለባቸው› ይላል። ትንሹ ወተት ደፍቶ፣ ሸሚዙ ርሶ እያለ ‹እኔ አይደለሁም› ይላል። አባቱ ‹ከአሁኑ ውሸታም ሆነ› ብሎ ይቆጣል። ሴቷ የሁላችንንም ጥፋት እየቆጠረች ታሳብቃለች። ትልቁ ከእኛ ጋር መውጣት አቁሟል፣ በሁሉም ነገር ይከራከራል። በቅርቡ ጓደኞቹ ፊት ከግንብ ላይ ዘሎ እጁ ተሰበረ። እኔ ስከላከልላቸው ‹ያበላሸሻቸው አንቺ ነሽ› ይለኛል። አሁን ከሰላምታ ያለፈ ወሬ የለንም። ማናችን ነን ትክክል?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂዬ፣ እንኳን ጻፉልኝ። ወደ ጥያቄዎ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ልበል፦ ልጆችዎ አልተበላሹም። ደብዳቤዎ ውስጥ ያየኋቸው ሦስት ልጆች ናቸው፤ ሦስቱም እንደየዕድሜያቸው ያስባሉ።

የልጅ አስተሳሰብ የአዋቂው ትንሽ ቅጂ ይመስለናል። አይደለም። በዓይነቱም ይለያል። ይህን አጥብቆ ያስተማረን የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ (እ.ኤ.አ. 1896–1980) ነው። በወጣትነቱ ፓሪስ ውስጥ ለልጆች የማመዛዘን ፈተና ይሰጥ ነበር። ቀልቡን የሳበው ግን የተሳሳተው መልስ ነው። በአንድ ዕድሜ ያሉ ልጆች የሚሳሳቱት በተመሳሳይ መንገድ ነበር።

እርስዎም ቤትዎ ውስጥ ሊያዩት ይችላሉ። በሁለት ተመሳሳይ ብርጭቆዎች እኩል ውሃ ይቅዱ። ትንሹን «እኩል ናቸው?» ብለው ይጠይቁት። «አዎ» ይላል። ከዚያ እሱ እያየ አንዱን ወደ ቀጭንና ረጅም ብርጭቆ ይገልብጡት። አሁን ደግመው ይጠይቁት። ረጅሙን እየጠቆመ «ይኼ ይበልጣል» ማለቱ አይቀርም። ምንም አልተጨመረም፤ ግን ቁመቱን ሲያይ ስፋቱ ከሐሳቡ ወጥቷል። ያንኑ ለሴቷ ያድርጉት። «ያው ነው እኮ፤ ብትመልሺው እኩል ይሆናል» ትላለች። ይህን ሲያደርጉ ባለቤትዎ አጠገብዎ ቢኖሩ ደስ ይለኛል። በአራት ዓመት ልዩነት ምን ያህል እንደሚለወጥ በዓይናቸው ያያሉ።

አሁን ወደ «ውሸቱ» እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1983 ዊመርና ፐርነር የተባሉ ተመራማሪዎች ለልጆች አንድ ታሪክ ነገሩ። አንድ ልጅ ቸኮሌቱን ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ወጣ። በሌለበት እናቱ ወደ ሌላ ቁምሳጥን አዛወረችው። ሲመለስ የት ይፈልገዋል? ገና 3 ዓመት ገደማ ያሉ ልጆች አዲሱን ቦታ ይጠቁማሉ። እነሱ ያወቁትን ሰው ሁሉ የሚያውቅ ይመስላቸዋል። ከ4 ዓመት አካባቢ ጀምሮ ግን ብዙዎቹ «ያስቀመጠበት ቦታ» ማለት ይጀምራሉ። ሌላ ሰው የተሳሳተ ነገር ሊያምን እንደሚችል ገባቸው ማለት ነው።

ልጅዎ «እኔ አይደለሁም» ሲል ይህንኑ አዲስ ችሎታ እየሞከረ ነው። አባቱ የሚያውቀውና እሱ የሚያውቀው ሊለያይ እንደሚችል ደርሶበታል። የረጠበው ሸሚዝ እንደሚያጋልጠው ግን ገና አላሰበም። ይህ የክፉ ጠባይ ምልክት አይደለም። ውሸታም የሚል ስም አይለጥፉበት። መልሱን እያወቁም «ማነው የደፋው?» አይበሉት፤ ጥያቄው ራሱ ወደ ውሸት ይገፋዋል። «ወተቱ ተደፍቷል፣ ና አብረን እንጥረግ» ይበሉት። እውነት መናገር እንደማያስቀጣ ደጋግሞ ሲያይ ይማራል።

ሴቷ ብዙም አታሳስበኝም። በዚህ ዕድሜ ሕግና ፍትሕ ትልቅ ጉዳይ ነው። ታሳብቃለች የሚሉት ነገር አብዛኛውን ጊዜ «ሕጉ ለሁላችንም ይሠራል ወይ?» የሚል ጥያቄ ነው። በሚታይና በሚጨበጥ ነገር ላይ ጥሩ ታመዛዝናለች። ስለ ኃላፊነትና ስለ ክብር ረጅም ንግግር ቢያደርጉላት ግን ብዙውን አትይዘውም። በምሳሌ ያስረዷት፤ «ወንድምሽ ያንቺን ደብተር ሳይጠይቅ ቢወስድ ምን ይሰማሻል?» ዓይነት።

ትልቁ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ቤቱን ለሁለት የከፈለው እሱ ይመስለኛልና። ከ11 ወይም ከ12 ዓመት ወዲህ ልጆች ስለሌለ ነገር ማሰብ ይጀምራሉ፦ «እንዲህ ባይሆንስ? ሕጉ ራሱ ስህተት ቢሆንስ?» ይህን ችሎታ መጀመሪያ የሚሞክሩት በወላጆቻቸው ላይ ነው። ክርክሩ ሁልጊዜ ንቀት አይደለም። ስድብ ከሆነ ያስቁሙት። ሐሳብ ከሆነ ግን ይስሙት፤ አንዳንዴም «እዚህ ላይ ልክ ነህ» ይበሉት።

ከእናንተ ጋር መውጣት ያቆመውስ? የሥነ ልቦና ባለሙያው ዴቪድ ኤልካይንድ እ.ኤ.አ. በ1967 እንደጻፈው፣ ጎረምሳ ሁሉም ሰው እሱን ብቻ የሚያየው ይመስለዋል። ግንባሩ ላይ የወጣች አንዲት ብጉር መንገደኛው ሁሉ የሚያያት ይመስለዋል። «ማን ያይሃል!» ማለት አይጠቅመውም። እሱ እየታየ ነው፤ ቢያንስ በራሱ ሐሳብ ውስጥ።

ግንቡንም እናንሳ። አባቱ «አደጋውን አያውቅም እንዴ?» ሳይሉ አልቀሩም። ያውቃል። ጋርድነርና ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት ሰዎችን የመኪና መንዳት ጌም አጫወቱ። ጎረምሶቹ ጓደኞቻቸው እያዩ ሲጫወቱ ብቻቸውን ከሚጫወቱት ይልቅ በጣም ይደፍሩ ነበር። አዋቂዎቹ ላይ ግን የጓደኛ መኖር ይህን ለውጥ አላመጣም። ስሜትን የሚገታውና ውጤትን የሚያመዛዝነው የአንጎል የፊት ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ይበስላል። ስለዚህ ስለ አደጋ ሌላ ምክር መደርደር ትርፉ ትንሽ ነው። የት፣ ከማን ጋር፣ እስከ ስንት ሰዓት የሚለውን ከመውጣቱ በፊት አብራችሁ ተስማሙ። የባለቤትዎ ጥብቅነት የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው።

እዚህ የጠቀስኳቸው ዕድሜዎች ግምቶች ናቸው። አንዱ ልጅ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል። ፒያዤም ቢሆን ልጆችን አሳንሶ የገመተበት ቦታ እንዳለ ከእሱ በኋላ የመጡ ጥናቶች አሳይተዋል። ልጅዎን ከጎረቤት ልጅ ጋር አያወዳድሩት።

ታዲያ ማን ነው ትክክል? ባለቤትዎ ወሰን ያስፈልጋል ማለታቸው ልክ ነው። ሦስቱም በአንድ ዓይነት ምክርና በአንድ ዓይነት ቅጣት ይታነጹ ማለታቸው ግን አያስኬድም። እርስዎ የዕድሜ ልዩነቱን ማየትዎ ልክ ነው። ልጆቹ እየሰሙ አባታቸውን መቃወምዎ ግን ቤቱን ጎድቶታል። ትልቁም ሴቷም ማን ጋ ሄደው ምን እንደሚሉ አሁን ያውቃሉ። ወሰኑ አንድ ይሁን፣ አገላለጹ ይለያይ። ያልተስማሙበትን ነገር ልጆቹ ከተኙ በኋላ ያንሱ።

ወሬውን ሲጀምሩ «አንተ ጨካኝ ነህ» አይበሏቸው። «ከሦስቱ ይበልጥ የሚያሳስብህ ማነው?» ብለው ይጠይቁና ሳያቋርጡ ይስሟቸው። ብዙ የሚቆጡ አባቶች ሲጠየቁ የሚናገሩት ፍርሃታቸውን ነው። ሁለት ሦስቴ ሞክረው ወደ ጭቅጭቅ ከተመለሰ፣ ሁለታችሁም አብራችሁ የቤተሰብ አማካሪ ጋ ሂዱ።

ትልቁን ግን በአንድ ነገር ይከታተሉት። ከእናንተ መራቁ የዕድሜው ነው። ከጓደኞቹም ከራቀ፣ እንቅልፉና ምግቡ ለሳምንታት ከተዛባ፣ ይወደው የነበረውን ሁሉ ከተወ ወደ ባለሙያ ይውሰዱት። ራሱን ስለመጉዳት ከተናገረ ደግሞ ያኔውኑ ይውሰዱት፤ ለነገ አያሳድሩት።