ጂቲአይ ወይስ ደብልዩአርኤክስ?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? የምኖረው ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ልገዛ አስቤያለሁ። ታላቅ ወንድሜ ሱባሩ ደብልዩአርኤክስ አለው። «የእኔ 271 የፈረስ ጉልበት፣ ያንተ 241፤ ምን ያከራክረናል?» እያለ አላስቀምጥ አለኝ። የጓደኛዬን ጂቲአይ ተውሼ ቅዳሜ ሌሊት 395 አውራ ጎዳና ላይ ተሽቀዳድመን ልንለይለት ነው። ለየቀኑ መንዳት የቱ ይሻላል? (ክርክር የሰለቸው)

መልስ፦ መጀመሪያ የቅዳሜውን ነገር ተዉት። ቨርጂንያ ውስጥ ከ85 ማይል በላይ መንዳት ወይም የተፈቀደውን በ20 ማይል ማለፍ ተራ ቅጣት አይደለም። እስከ አንድ ዓመት ሊያሳስር የሚችል ወንጀል ነው። የፖሊስን ራዳር ቀድሞ የሚጠቁመው መሣሪያም እዚያ ክልክል ነው፤ ገዝቼዋለሁ እንዳትለኝ።

የወንድምህ 30 ትርፍ ፈረሶች እውነት ናቸው። ግን የሚመጡት ሞተሩ ሲጮህ ነው። ሊስበርግ ፓይክ ላይ ከመብራት ስትነሳ ማን ሞተሩን እስከ መጨረሻው ዙር፣ ቀይ መስመር ድረስ ያስጮኻል? እዚያ የሚገፋህ በዝቅተኛ ዙር ያለው ቶርክ (የሞተሩ የመጠምዘዝ ኃይል) ነው። በዚህ ጎልፉ 370 ኒውተን ሜትር አለው፣ ሱባሩ 350።

ከ0 እስከ 60 የሚባለውን ቁጥርም እንዳለ አትመነው። ሞካሪው ሞተሩን አስጩኾ ፍሪሲዮኑን ድንገት ይለቀዋል። የአሜሪካ መጽሔቶች ደግሞ ሰዓቱን የሚያስጀምሩት መኪናው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ነው። በዚህ ብቻ ሲሶ ሰከንድ ገደማ ይተርፋል። በራሳቸው መኪና የሞከሩት ልጆች ወደ ጋራዤ ሲመጡ የተቃጠለው ፍሪሲዮን ሽታ ቀድሟቸው ይገባል። አንተ ከ5 እስከ 60 ማይል የተለካውን ፈልግ። እየተንከባለልክ ነዳጅ ስትሰጥ የሚሆነውን የሚያሳየው እሱ ነው።

ጎማውን እይ። አንዱ የሰመር (የሙቀት ወቅት) ጎማ፣ ሌላው ኦል ሲዝን (ለሁሉም ወቅት የሚሆን) ካደረገ የምታወዳድረው ጎማ ነው። የሰመር ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ይደርቃል፤ በጥር ጠዋት ብትሞክረው ጥፋቱን በመኪናው ታሳብባለህ።

እኔም ተሸውጃለሁ። ባለ 19 ኢንች ጎማ መኪና ለስላሳ መንገድ ላይ ብቻ ሞክሬ ገዛሁ። በሳምንቱ እናቴን የማኅበር ወጥ ጭኗ ላይ አስይዤ በሰፈራችን ጉብታ አለፍኩ። እስከ ዛሬ የዚያ ወንበር ሽታ አልለቀቀም። ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በምትመላለስበት መንገድ፣ አንድ ዓይነት ጎማ አድርገው ንዳቸው። ከተቻለ ነጭናጫ ሰው አጠገብህ አስቀምጥ።

395 ላይ እየቆመ በሚሄድ ትራፊክ አውቶማቲኩ ጎልፍ ጉልበትህን ያሳርፋል። እኔ እሱን እወስዳለሁ። በእጅ ማርሽ ካልሆነ አልፈልግም ካልክ ግን እዚህ አገር ጂቲአይ ከ2025 ሞዴል ጀምሮ በማንዋል አይሸጥም። ወይ የ2024 ያገለገለ ትፈልጋለህ፣ ወይ ወንድምህ ሳይነዳ አሸነፈ።