ስተርሊንግ ካስል ያዋጣል ወይ ላልሽው

እህቴ ስኮትላንድ ኤድንብራ ሆኜ አንድ ቀን ተርፎኛል ስተርሊንግ ከተማ ሄጄ ካስሉን (የድሮውን የነገሥታት ግንብ) ባይ ይሻለኛል ወይ ብለሽ ነበር፣ በኔ በኩል አዎ ሂጂ፣ ባቡሩ አንድ ሰዓት እንኳን አይፈጅም ግን ከጣቢያው እስከ ግንቡ ዳገት ስለሆነ ጫማሽን አስቢበት። የስኮትላንዷ ንግሥት ሜሪ እ.ኤ.አ. በ1543 ገና የ9 ወር ህፃን ሆና ዘውድ የተጫነላት እዚሁ ነው፣ እስቲ አስቢው ጡት ሳትጥል ንግሥት! ልጇን ጀምስንም በ1566 ክርስትና ያስነሳችው እዛው ነው።

ትልቁ አዳራሽ ውጪው በጣም ቢጫ ነገር ነው፣ የሜሪ አያት ንጉሥ ጀምስ 4ኛ ያሰራው ሲሆን በ1999 ታድሶ ሲያልቅ እንደ ድሮው ቀለም ቀቡት፣ መጀመሪያ ሳየው ምንድነው ይሄ ብዬ ነበር አሁን ግን እወደዋለሁ። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ኮርኒሱ ላይ ያሉትን ባለቀለም የእንጨት ፊቶች ቀና ብለሽ እያቸው፣ እነሱ በኮፒ የተሰሩ ናቸው፣ ኦርጅናሎቹ የ1500ዎቹ የኦክ ቅርፆች ፎቅ ላይ ለብቻቸው አሉ እንዳትዘያቸው።

ከአጥሩ ላይ ሆነሽ ደሞ የስኮትላንድ ጦር መሪዎቹ ዊልያም ዋላስና አንድሩ መሬይ በ1297 እንግሊዞቹን ያሸነፉበት የድልድዩ አካባቢ ይታይሻል። ንፋሱ ግን አይቻልም፣ በጋ ነው ብለሽ ጃኬት እንዳትተይ።