የባለሙያ ምክር፦ አቀበት ላይ የሚቆመው የኤሌክትሪክ ብስክሌት

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር ነው። ጠያቂያችን ከአባታቸው የወረሱትን ባለ 28 ፊኒክስ ብስክሌት፣ ዘመድ ከውጭ ባመጣላቸው ባለ 36 ቮልትና 350 ዋት የፊት ቸርኬ ሞተር፣ በቤታቸው ወደ ኤሌክትሪክ ቀይረውታል። ለኃይል ምንጭ ያገለገሉ ሦስት የሞተር ሳይክል ባትሪዎችን፣ እያንዳንዳቸው ባለ 12 ቮልትና 7 አምፒር ሰዓት የሆኑትን፣ በተከታታይ አገናኝተዋል። ሜዳ ላይ ብስክሌቱ ያለ ችግር ይሄዳል፤ ወደ ቤዛዊት የሚያወጣው አቀበት ሲጀመር ግን ሞተሩ ቀጥ ይላል፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይተው ሲሞክሩት ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሣል። በመጨረሻም፣ እንደ ቀላል ነገር፣ ከሞተሩ የሚወጣው ገመድ በዘንጉ ላይ ጥቂት እንደ ተጠመዘዘና የፊት ፍሬኑ አዲሱን ቸርኬ ስላልገጠመ ፈትተው እንዳስቀመጡት ጠቅሰዋል። የሚጠይቁት ባለ 500 ዋት ሞተር መግዛት ይሻላቸው እንደሆነ ነው።

አይግዙ። ለምን እንደማይገዙ ከመግለጼ በፊት ግን በመጨረሻ ከጠቀሱት ነገር መጀመር ግድ ይለኛል፤ አቀበት ላይ መቆም የሚያሳጣዎት ጊዜዎን ነው፣ የዘንጉ መዞር ግን ጥርስዎን ሊያሳጣዎት ይችላል።

በተራ ብስክሌት ላይ የፊት ቸርኬ ዘንግ ክብደት ተሸክሞ ይቆማል እንጂ ከምንም ጋር አይታገልም። የሞተር ቸርኬ ዘንግ ግን፣ ሞተሩ ቸርኬውን ወደ ፊት በገፋ ቁጥር፣ በዚያው ኃይል ወደ ኋላ ሊዞር ይሞክራል። እንዳይዞር የሚይዘው በሁለት ጎኑ ጠፍጣፋ ተደርጎ የተሞረደው፣ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ገላው በሹካው ጫፍ ስንጥቅ ውስጥ መቀርቀሩ ነው። ሞተሩ ከቆመበት ሲነሣ 40 ኒውተን ሜትር ቢያወጣ፣ ይህ ጉልበት በ10 ሚሊ ሜትር ስፋት ላይ ሲያርፍ፣ በሁለቱም ወገን ተደምሮ፣ የስንጥቁን ከንፈሮች 400 ኪሎ ግራም በሚያህል ግፊት ይፈለቅቃቸዋል። የድሮ ብስክሌት ሹካ ስንጥቁ ጠባብ ስለሆነ እርስዎም በሊማ ሳያሰፉት አልቀሩም። ትንሽ ሰፍቶ ከሆነ ዘንጉ መጀመሪያ በጥቂቱ ይላወሳል፣ ቀጥሎ ዳዶውን ራሱ ያላላዋል፣ በመጨረሻም ቸርኬው ከሹካው ይወጣል።

ይህን የማውቀው በራሴ ስህተት ነው። መጀመሪያ የቀየርኩት የራሴን ብስክሌት ነበር፤ ዳዶውን አጥብቄያለሁ ብዬ ተነሣሁና ገና ከግቢ ሳልወጣ ዘንጉ አንድ ዙር ተኩል ዞረ። በዘንጉ ባዶ ውስጥ አልፎ የሚወጣው ገመድ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ተጠምዝዞ አገኘሁት፤ ሦስቱ ወፍራምና አምስቱ ቀጫጭን ሽቦዎች ልባሳቸው ተልጦ መዳቡ ይታይ ነበር። ያን ጊዜ በናስትሮ ጠቅልዬ እንደገና አበራሁት። የ36 ቮልቱ መስመር በ5 ቮልት የሚሠራውን የሴንሰር መስመር ነካና ኮንትሮለሩ፣ ማለትም የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ እየመጠነ የሚያስተላልፈው ሳጥን፣ አንድ ጊዜ ቀጭ ብሎ ጸጥ አለ፤ የተቃጠለው ሽታ ከሥራ ቤቴ ለመውጣት ሁለት ቀን ፈጅቶበታል።

ስለዚህ እርስዎ ገመዱን ሳይመረምሩ ማብሪያውን አይንኩ። የሞተሩን ገመድ ከኮንትሮለሩ ይንቀሉትና ቴስተሩን በድምፅ መፈተሻው ላይ አድርገው እያንዳንዱን ወፍራም ሽቦ ከቀጫጭኖቹ ሁሉ ጋር፣ ከዚያም ሁሉንም ከዘንጉ ብረት ጋር ይሞክሩ፤ በአንዱም ቦታ መጮህ የለበትም። ሦስቱ ወፍራሞች እርስ በርሳቸው ሲሞከሩ ቢጮህ ግን አይደንግጡ፣ በሞተሩ ጥቅልል በኩል የተገናኙ ናቸው። ቀጥሎ ቸርኬውን በእጅ ወደ ኋላ ያዙሩት። ወደ ኋላ ያልኩት ትንንሾቹ ሞተሮች ውስጣቸው ጥርስ ስላለውና ወደ ፊት ሲዞሩ ሁልጊዜ ነጻ ስለሆኑ ነው። እየተንገጫገጨና እየከበደ የሚዞር ከሆነ ወፍራሞቹ ሽቦዎች ተነካክተዋልና ገመዱ መለወጥ አለበት።

ዘንጉን የሚይዝ ክንድ ለመሥራት ውፍረቱ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጠፍጣፋ ብረት ይበቃል። በአንዱ ጫፍ በትራፓኖ ይብሱትና ቀዳዳውን የዘንጉን ቅርጽ እስኪይዝ በሊማ ይሞርዱት። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ክንዱ በመዶሻ ቀስ ተደርጎ ካልተመታ የማይገባ መሆን አለበት፣ በእጅ ገፍተውት ከገባ ሰፍቷልና ሌላ ይሥሩ። ሌላኛውን ጫፍ ከሹካው እግር ጋር በሁለት ጠንካራ የቧንቧ ፋሼታ ያስሩት። ለግራም ለቀኝም አንድ አንድ ይሥሩ። የሹካዎ ብረት መሆን ለዚህ ሥራ የሚመች ነው፤ አሉሚኒየም ቢሆን ኖሮ ሞተሩን ፊት ላይ አይግጠሙ ባልኩዎት ነበር። ዘንጉን ከሹካው ጋር በብየዳ አጣብቆ መገላገል የሚያምራቸው ሰዎች አሉ፤ የብየዳው ሙቀት የገመዱን ልባስ ያቀልጠዋል፣ ጎማ በፈነዳ ቀን ደግሞ ቸርኬውን ማውለቅ አይቻልም።

ፍሬኑ ያልገጠመው በእርስዎ ጥፋት አይደለም። የድሮው ባለ 28 ቸርኬ ጎማው የሚቀመጥበት ዙር ስፋቱ 635 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከሞተር ጋር የሚመጣው ባለ 28 አብዛኛውን ጊዜ 622 ነው። በራዲየስ የ6.5 ሚሊ ሜትር ልዩነት አለ ማለት ነው፣ የድሮው ጎማም አይሆነውም። በዚያ ላይ በብረት ዘንግ የሚሳበው የጥንቱ ፍሬን የሚይዘው ቸርኬውን ከውስጥ በኩል ነው፣ አዲሱ ቸርኬ ግን የተሠራው ከጎን ለሚቆነጥጥ የሽቦ ፍሬን ነው። እግሩ ረዘም ያለ የሽቦ ፍሬን ገዝተው በሹካው ራስ ላይ ባለው ቀዳዳ ይግጠሙ። በኋላ ፍሬን ብቻ፣ ያውም ዝናብ በነካው ቸርኬ፣ ከቤዛዊት መውረድን እኔ ለማንም አልመክርም።

አሁን ወደ አቀበቱ። እርስዎና ብስክሌቱ ተደምራችሁ 100 ኪሎ ግራም ብትሆኑ፣ በሜዳ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሞተሩ ከባትሪው ከ3 እስከ 4 አምፒር ይስባል። በ100 ሜትር 5 ሜትር የሚወጣ አቀበት ላይ ፍጥነቱ ወደ 15 ቢወርድም እንኳ 10 አምፒር ገደማ ይፈልጋል። የሞተር ሳይክል ባትሪ ለጥቂት ሰከንድ ሞተር አስነሥቶ እንዲያርፍ የተሠራ ነው እንጂ 10 አምፒር ለደቂቃዎች እንዲሰጥ አይደለም። ያገለገለ ሲሆን ደግሞ ቮልቴጁ ወዲያው ይዘቅጣል፤ ሦስቱ ተደምረው ከ31 ቮልት አካባቢ በታች ሲወርዱ ኮንትሮለሩ ባትሪውን ለማዳን ራሱ ያቋርጣል። ሁለት ደቂቃ ሲቆዩ ባትሪዎቹ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ቮልቴጁ ይመለሳል፣ እርስዎም ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሣሉ። ባለ 500 ዋት ሞተር ቢገጥሙ ከእነዚሁ ባትሪዎች የበለጠ ስለሚስብ የሚቆመው ከአሁኑም ቀድሞ ይሆናል።

ቃሌን ብቻ አይመኑ፤ ቴስተሩን በመሪው ላይ በናስትሮ አስረው፣ ጫፎቹን ከባትሪዎቹ ሁለት ዳር አገናኝተው፣ አቀበቱን እየወጡ ቁጥሩን ያንብቡ። ቆሞ ሳለ 38 ቮልት የነበረው ሊቋረጥ ሲል 32 ወይም 31 ላይ ካዩት ምርመራው አልቋል። ቸርኬውን አንሥቶ በባዶ ማዞር ግን ምንም አያሳይም፣ ጭነት የለውምና።

ሽቦውንም ይዩት። ከባትሪው እስከ ኮንትሮለሩ ደርሶ መልስ 3 ሜትር የሚሆን ባለ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር የአምፖል ሽቦ ተጠቅመው ከሆነ፣ በ15 አምፒር ጊዜ አንድ ቮልት ያህል እዚያው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ባለ 2.5 ይጠቀሙ፤ ለቤት ግድግዳ የሚገባው ባለ አንድ ፍሬ ግን በመንገድ ንቅናቄ ይሰበራልና ባለ ብዙ ቀጫጭን ክር የሆነውን ይምረጡ። በባትሪው አዎንታዊ ጫፍ አጠገብ ባለ 20 አምፒር ፊውዝ ያስገቡ።

ሞተር ለመግዛት ያሰቡትን ገንዘብ መከላከያ ሰርኪዩት ባለው ባለ 36 ቮልትና 10 አምፒር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ላይ ያውሉት። ክብደቱ 3 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ፔዳል እየረገጡ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይወስድዎታል፣ አንድ ጊዜ ለመሙላትም ከቤት ቆጣሪ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት አይፈጅም። ከአሮጌ ላፕቶፕ ሴሎች እየነቀሉ በቤት መገጣጠምን ግን ይተዉት። ከሁሉ በላይ፣ ለአሲድ ባትሪ የተሠራውን ባለ 36 ቮልት ቻርጀር በሊቲየሙ ላይ እንዳይሰኩ። የአሲዱ እስከ 44 ቮልት ይደርሳል፣ የሊቲየሙ ጣሪያ 42 ነው፤ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቮልት አንድ ዓይነት መሆኑ ብዙዎችን አሳስቷል። ባትሪውን ሰው በሚተኛበት ክፍል አይሙሉ።

ሁሉን ገጥመው ሲጨርሱ በጥፍር ቀለም ከዘንጉ ጫፍ ተነሥቶ ዳዶውን አቋርጦ እስከ ክንዱ የሚደርስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ። የመጀመሪያውን 10 ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ ዳዶውን እንደገና አጥብቀው መስመሩን ያድሱት፣ ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ዓይንዎን ጣል ያድርጉበት፤ መስመሩ ተሰብሮ ካገኙት በዚያ ቀን ብስክሌቱ ከግቢ አይውጣ።